ቀበቶው ሲቆም እጃችሁ የት ይሄዳል? የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ሠራተኞችን የደህንነት ስልጠና ስለማሻሻል

ስልጠናው አንድ ቀን ይሰጣል። ሠላሳ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል፣ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ አሰልጣኙ ስላይዱን እያነበበ ያወርደዋል፣ ከኋላ የተቀመጡት ያንቀላፋሉ፣ መጨረሻ ላይ የፊርማ ወረቀት ይዞራል። አለቀ። በማግስቱ የማጓጓዣው ቀበቶ ላስቲክ ተጠምጥሞበት ቀጥ ይላል። ትናንት ከፈረሙት አንዱ ማሽኑን ሳያጠፋ እጁን ይሰዳል።

ሰውየው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ስልጠናው ለዚያች ደቂቃ የሚሆን ምንም ነገር ስላልሰጠው ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ መለኪያው አንድ ነው፤ ቀበቶው በቆመባት ቅጽበት የሠራተኛው እጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላስቲኩ ወይስ ወደ ማጥፊያው? ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ ስላይዱን ዝጉትና ወደ ሥራው ውረዱ

ስልጠና የምታዘጋጁ ከሆነ አንድ ሙሉ ፈረቃ ከሠራተኞቹ ጋር ዋሉ። የሚቻል ከሆነ የሌሊቱን ፈረቃ ምረጡ፤ አለቃ የሌለበት ሰዓት ስለሆነ እውነተኛው አሠራር የሚታየው ያኔ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ እንደ ተቆጣጣሪ አትቁሙ፣ ጓንት አድርጉና አብራችሁ ለዩ።

"አደጋ አለ ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ "የለም" ነው፣ ሁልጊዜ። ይልቅ "ዛሬ ማሽኑ ስንት ጊዜ ቆመ? ሲቆም ምን አደረጋችሁ?" በሏቸው። ወሬው የሚከፈተው እዚያ ጋ ነው። ብዙ ከባድ የማሽን አደጋ የሚደርሰው ማሽኑ ደህና ሲሠራ ሳይሆን ሲታነቅ፣ ሲጸዳና ሲጠገን ነው፤ ስልጠናው ግን ብዙ ጊዜ የሚያወራው ደህና ስለሚሠራው ማሽን ነው።

ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ገመድ በሽቦ ታስሯል? የማሽኑ መከለያ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል? ሠራተኞቹ በየት በኩል ያቋርጣሉ? ከዚያ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን መዝገብ አገላብጡ። የትኛው ጣት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን እንደተቆረጠ ከየትኛውም መመሪያ በላይ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ፕላስተሩ እያለቀ መዝገቡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ያም ራሱ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በብረት የሚፈታውን ችግር በምክር ለመፍታት አትሞክሩ። የተፈታ መከለያ ካለ መልሳችሁ እሰሩት፤ "ተጠንቀቁ" ብሎ ማሰልጠን መከለያ አይሆንም። የሥራ ደህንነት ሙያ ደረጃውን ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ አደጋውን ማጥፋት፣ ካልተቻለ በሌላ መተካት፣ ከዚያ በመሣሪያ መከለል፣ ከዚያ አሠራር ማስተካከልና ማሰልጠን፣ ጓንትና ማስክ መጨረሻ ላይ። ብዙ ቦታ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ከጓንት ይጀመርና እዚያው ጓንት ላይ ይቆማል።

ሁሉንም አታስተምሩ፣ የሚገድለውን አስተምሩ

ሃምሳ ርዕስ ያለው ስልጠና ምንም ርዕስ እንደሌለው ነው። በዚህ ሥራ ሰው የሚገድለው ወይም ዕድሜ ልክ የሚጎዳው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው፤ የማሽን ጉልበት፣ ጋዝ ያለበት ጉድጓድ፣ ተሽከርካሪ፣ እሳት፣ መርፌ። በእነዚህ ጀምሩ። ስለ መንሸራተትና ስለ ዕቃ አነሳሥ በኋላ ይደርሳል።

ከማሽኑ እንጀምር። ማጥፋትና መቆለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስልጠናው ይህችን ልዩነት ብቻ እጅ ላይ ካሳደረ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ መጫን ማለት መቆለፍ አይደለም፤ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው "ማን አቆመው?" ብሎ መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። መቆለፍ ማለት የኃይሉን ምንጭ ከዋናው ማጥፊያ ቆርጦ የራስን ቁልፍ፣ ማለትም ጓጉንቸር፣ እዚያው ማጥፊያው ላይ ማንጠልጠል ነው። ለአንድ ሰው አንድ ቁልፍ፣ መክፈቻው በራሱ ኪስ። አምስት ሰው ማሽኑ ውስጥ ከገባ አምስት ቁልፍ ይንጠለጠላል። የአምስተኛው ቁልፍ እስካልተፈታ ድረስ ማሽኑን የሚያስነሳ የለም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። አሜሪካ ይህንን አሠራር ደንብ አውጥታ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ዛሬም ሰው በዚሁ ይሞታል።

ቁልፉ ከተንጠለጠለ በኋላ ያለችው እርምጃ ናት የምትዘለለው። ሰው ሁሉ ዞር ካለ በኋላ ማስነሻውን ተጭኖ "እውነት ሞቷል?" ብሎ መሞከር። መብራቱ ቢቆረጥም ጉልበት ሊቀር ይችላላ! የካርቶን መጭመቂያው የዘይት ግፊት አለ፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ክንድ አለ፣ የተወጠረ ቀበቶ አለ። እነዚህ መርገብ፣ መውረድ ወይም በድጋፍ መያዝ አለባቸው። የታነቀውን ካርቶን በእግር ለመርገጥ መጭመቂያው አፍ ውስጥ መግባት ደግሞ ፈጽሞ፣ በምንም ምክንያት፣ "ለአንድ ደቂቃ" እንኳ አይሆንም።

ይህንን በስላይድ አታሳዩ። እያንዳንዱን ሠራተኛ ራሱ ማሽን ጋ አቁሙትና በገዛ እጁ ይቆልፍ። እኔ የምወዳት ፈተና አለች። የጥገና ባለሙያው አጠገብ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ከመከለያው ውጭ ሆኖ፣ ከኃይል ምንጮቹ አንዱ ሳይቆለፍ ሆን ተብሎ ይተዋል። ሰልጣኙ ሞክሮ ያገኘዋል? ካገኘው ገብቶታል። ዘሎት "ጨርሻለሁ" ካለ እዚያው ማሽኑ ሲነሳ በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ በኋላ የሚረሳት አይመስለኝም።

ጉድጓዱና ደግ ልብ

ቆሻሻ ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ታንከር፣ የባዮጋዝ ማብላያ፣ ጥልቅ ቦይ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ሚቴን ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ብልጭታ ይጠብቃል፣ ይፈነዳል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሲያንስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው "ይጠፋል"። ሰውየው "አሁንስ ለቀቀ" ብሎ ይገባል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይጠብቀዋል። ከፍ ሲል በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል።

ስለዚህ አፍንጫ መለኪያ አይደለም። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ወይም መለኪያው መሣሪያ ካልተነበበ አይገባም፤ መለካቱም ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ነው፣ ጋዙ በንብርብር ስለሚተኛ።

ግን ትልቁ ችግር ይህ ሁሉ አይደለም። ትልቁ ችግር ጓደኛ ነው። አንዱ ወድቆ ሲታይ ሌላው ሳያስብ ይዘልላል፣ ሦስተኛው ይከተላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ዝግ ቦታዎች ከሞቱት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ሰዎች ናቸው። እስቲ አስቡት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ስልጠናው የሚታገለው ከስንፍና ጋር ሳይሆን ከደግነት ጋር ነው። በቃል "አትግቡ" ብትሉ ሁሉም እሺ ይላል፤ ጓደኛው ሲወድቅ ግን እሺታው ይረሳል። መፍትሔው ማለማመድ ነው። አሻንጉሊት ወይም በጨርቅ የተሞላ ቱታ ባዶና የተመረመረ ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀምጡ፣ "ወደቀ!" በሉ፣ ከዚያ ቆማችሁ ተመልከቱ። አንዱ መሮጡ አይቀርም። አትሳደቡት። ከዚያ ትክክለኛውን ደጋግሙት፤ መጮህ፣ የነፍስ አድን ጥሪ፣ አየር ወደ ውስጥ መንፋት፣ የገባው ሰው አስቀድሞ መታጠቂያ ታጥቆ ከሆነ ከላይ በገመድ መጎተት። ያልታጠቀ ሰው መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም። ከላይ የሚቆመው ጠባቂም ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው፣ ስልክ ማየትም ዕቃ ማቀበልም አይደለም።

መርፌው

በመለያው ቀበቶ ላይ ከላስቲኩ መሃል መርፌ ይመጣል። ስልጠናው ብዙ ጊዜ "ጓንት አድርጉ" ብሎ ያልፋል። ስለት የሚከላከል ጓንት ግን ሁልጊዜ መርፌ አይከላከልም፤ ሽመናው ቢላዋን ያቆማል፣ ቀጭን ጫፍ በቀዳዳው ያልፋል። ይህንን ስንት ሠራተኛ ያውቃል?

መርፌ ሲታይ ቀበቶው ይቆም፣ በመቆንጠጫ ይነሳ፣ ጠንካራ ግድግዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። ክዳኑን ለመመለስ አይሞከር። ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበል። ከረጢት ከሰውነት ጋር አስጠግቶ ማቀፍና በእጅ መጠቅጠቅም ይቅር።

መርፌ የወጋው ሰው ምን ያድርግ? በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ይታጠብ። አይጨመቅ፣ በአፍ አይመጠጥ፣ በረኪና አይፈስበት። ወዲያው ያሳውቅና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፣ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። "ነገ አያለሁ" የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩንም ንገሯቸው፣ ፍርሃቱ ቅጥ እንዲይዝ። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በመርፌ የመያዝ ዕድሉ ለኤች አይ ቪ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ግን ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፣ ክትባት ያለው ግን ሁለተኛው ነው። የተለመደው ሦስት ዙር ነው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሠራተኛው ቀበቶው ጋ ሳይቆም የመጀመሪያውን ይውሰድ።

ሰው ግን የተወጋውን ይደብቃል። ስለሚፈራ፣ ስለሚያፍር፣ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ስለማያውቅ። ስለዚህ ስልጠናው "ለሚመለከተው ክፍል ያሳውቁ" ብሎ መዝጋት የለበትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢወጋኝ ለማን ልደውል? የትኛው ጤና ተቋም ክፍት ነው? በምን እሄዳለሁ? ማን ይከፍላል? አራቱም መልሶች ግድግዳው ላይ በትልቁ ይለጠፉ። መልስ ከሌላችሁ ስልጠናው ይቆይ፣ መጀመሪያ መልሱን ፈልጉ።

የቀሩትን በአጭሩ

ለተሽከርካሪ ከአንድ ልምምድ በላይ አያስፈልግም። ሎደሩን አጥፉና ቁልፉን ንቀሉ፣ ሠራተኛውን ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጡ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ስምንት ሰዎችን በዙሪያው አቁሙ። "ስንት ሰው ይታይሃል?" በሉት። ከዚያ ወርዶ ይቁጠር። ከሎደር ኋላ ማቋረጥ ያኔ ይቀራል፤ ሾፌሩም በበኩሉ የሚያየው ቢመስለውም እንደማያየው ይማራል።

እሳቱ ብዙ ጊዜ ከሊቲየም ባትሪ ይመጣል። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ የሚያበራ መጫወቻ፣ ሎደር ሲረግጠው ወይም መፍጫ ሲበጣጥሰው በራሱ ይግላል፣ ይቀጣጠላል። የጠፋ መስሎ መልሶ ይነሳል። ያበጠ፣ የሚሞቅ፣ ፉጨት የሚያሰማ ባትሪ ምን እንደሚመስል በእውነተኛ ናሙና ወይም ከራሳችሁ ቦታ በተነሳ ፎቶ አሳዩ፣ እንዲህ ያለው ባትሪ የሚገባበትን ደረቅ አሸዋ ያለበት ዕቃም ከክምሩ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ሰው አይጠጋ። የሽቶና የነፍሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ፣ የጋዝ ሲሊንደርም መፍጫ ውስጥ ቦምብ ናቸው።

አቧራ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፣ ለዚህም ማንም አይሰማችሁም። ደረቅ መጥረግ ይቅር፣ ይርጠብ። ማስኩ ፊት ላይ ካልገጠመ ጌጥ ነው፤ ጺም ካለ አይገጥምም። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር የሚያደባልቅ የጽዳት ሠራተኛ መርዝ ጋዝ እያመረተ ነውና እሱም በስልጠናው ይካተት፤ ብዙ ጊዜ "የእኛ ሠራተኛ አይደለም" ተብሎ ይረሳል።

ሲያስተምሩ

የአንድ ቀኑን ስልጠና በትኑት። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ፣ ፈረቃው ሲጀምር፣ ማሽኑ ሥር ቆሞ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሰው የተማረውን ቶሎ እንደሚረሳ ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ፈትኖ ጽፏል። የሚያድነው መደጋገም ነው፤ ዛሬ፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ።

አሠራሩም አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ልምድ የሌለውን ሰው በጥድፊያ ሲያሰለጥኑ የተጠቀሙበት አራት እርምጃ አለ፤ ሰውየውን አዘጋጀው፣ አሳየው፣ ራሱ ይሥራው፣ ከዚያ ተመልሰህ እየው። እኛ ሁለተኛው ላይ እንቆማለን። "ገባችሁ?" እንላለን፣ ሁሉም "አዎ" ይላል፣ እንበተናለን። "ገባችሁ?" የሚለውን ጥያቄ ከአፋችሁ አጥፉት። በምትኩ "አሳየኝ" በሉ። ወይም "አሁን ለዚህ አዲስ ልጅ አንተ አስረዳው"።

ሠራተኞቹ በሚናገሩት ቋንቋ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ ጽሑፍ አትስጡ፣ ከራሳቸው ማሽን የተነሳ ፎቶ ስጡ፤ ከኢንተርኔት የወረደ ንጹሕ የውጭ ፋብሪካ አይሆንም። የተቆረጠ እጅ ፎቶ ማሳየትንም አልወድም። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል፣ የሚያስታውሰው ደሙን እንጂ እርምጃውን አይደለም።

አዲስ ሰው በመጀመሪያው ወር ከሌላው በበለጠ ይጎዳል። ስለዚህ ከአንድ ነባር ጋር ይጣመር። ነባሩ ግን ይመረጥ! የለመደ እጅ ጥሩ ዘዴ ያስተላልፋል፣ አቋራጭም ያስተላልፋል። "እኔ ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት" የሚል ሰው አሰልጣኝ ካደረጋችሁ ያንን ሃያ ዓመት እያባዛችሁ ነው።

ፎርማኑ

የሁሉ ነገር ማሰሪያ እሱ ነው። ጠዋት ስለ መቆለፍ ተምሮ ከሰዓት ፎርማኑ "ቶሎ በሉ፣ መኪና ቆሟል!" ካለ የሠራተኛው ጆሮ የሚሰማው የከሰዓቱን ነው። ስለዚህ ከሠራተኛው በፊት ፎርማኑን አሰልጥኑ፤ በሁሉም ፊት "ለመቆለፍ የጠፋ ሰዓት በማንም ላይ አይቆጠርም" ብሎ ይናገር። የማይናገር ከሆነ ችግራችሁ የስልጠና አይደለም።

ሠራተኛው አፋጣኝና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ዞር ቢል እንዳይቀጣ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው፣ ይናገራል። የደህንነት ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅም ይላል፤ ማለትም የጓንቱ ሂሳብ ከደሞዙ አይቆረጥም። ይህችን ለሁለቱም ወገን አንብቡላቸው።

"አደጋ ያልደረሰበት ወር ጉርሻ" የሚባለውን ነገር ተዉት። አደጋውን አይቀንስም፣ ወሬውን ነው የሚቀንሰው። ይልቅ ለጥቂት የተረፉበትን ነገር የሚናገር ሰው ይመስገን፣ የተናገረው ነገርም በሁለት ቀን ውስጥ ይስተካከል፤ ትንሽ ቢሆንም የሚታይ ይሁን። የመጀመሪያው ሰው ተናግሮ ምንም ካልሆነ ሁለተኛው አይመጣም።

ሠርቷል ወይ?

የፊርማውን ወረቀት እርሱት። ከወር በኋላ ለመቅጣት ሳይሆን ለማየት ወደ ቀበቶው ሂዱና የታነቀበትን አሥር ጊዜ ቁጠሩ። ስንቱ ላይ ተቆለፈ? ከስልጠናው በፊት ሁለት፣ አሁን ሰባት ከሆነ ሠርቷል። ለጥቂት የተረፉበት ሪፖርት መጀመሪያ ላይ ቢጨምር አትደንግጡ፣ አደጋው ስለበዛ ሳይሆን አፍ ስለተከፈተ ነው።

የቀሩትን ሦስቱን ግን ዝም ብላችሁ "ሥነ ሥርዓት የላቸውም" አትበሉ። ጠጋ ብላችሁ ለምን እንዳልተቆለፈ ጠይቁ። መልሱ ሊያስቃችሁ ይችላል። ቁልፎቹ ያሉት ፎርማኑ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ቢሮው ይቆለፋል፣ ፎርማኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቀበቶው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በሚቀጥለው ቀን የቁልፉን ሳጥን አንስታችሁ ከቀበቶው ጎን ስቀሉት።